ሰፈራችሁ ካለው ዛፍ ጋር እንዴት ትተዋወቃላችሁ?

የባሕር ዳር ሰው ስለ ከተማው ሲያወራ ጣናን ያነሣል፣ ዘንባባውን ያነሣል። የደብረ ማርቆስ ሰው ብርዱንና ባሕር ዛፉን። ከዚያ ያለፈውን ግን አብዛኞቻችን አናውቀውም። ባጃጅ የምንጠብቅበት ጥላ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ በየዓመቱ የቢሮአችን በር ላይ ሐምራዊ አበባ የሚያነጥፈው ዛፍ ስሙ ምን እንደሆነ ብንጠየቅ "ዛፍ ነው" ከማለት አናልፍም። ይህ ያሳዝነኛል። የማናውቀው ዛፍ ሲቆረጥም አናየውምና። አንድ ቀን ፀሐዩ አናታችን ላይ ሲያርፍ ነው "እዚህ ጋ ዛፍ አልነበረም እንዴ?" የምንለው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት የጎጃም ከተሞችን እያሰብኩ ነው፤ ባሕር ዳርን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን፣ ሞጣን። ገንዘብ አይጠይቅም። የዕፅዋት ትምህርትም አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ስልክ፣ አንድ ደብተር፣ ጥቂት ሜትር ገመድ፣ እና አለመቸኮል ነው።

1. አንድ ዛፍ ምረጡ፣ አንድ ብቻ

"የከተማውን ዛፎች በሙሉ ልወቅ" ብሎ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ ዛፍ ያዙ። ወደ ሥራ ስትሄዱ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስታደርሱ፣ ዳቦ ስትገዙ የምታገኙት ይሁን። ከመንገዳችሁ ወጣ ብሎ ያለ የሚያምር ዛፍ አትምረጡ፣ አትሄዱለትም።

የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ጎሚስታው ደጅ ያለ፣ ግማሹ በመብራት ሽቦ ምክንያት የተቆረጠ ዛፍ ቢሆን ይበቃል። እንዲያውም እንዲህ ያለውን ብትመርጡ ደስ ይለኛል። የከተማ ዛፍ ኑሮ ምን እንደሚመስል በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው።

2. ከሥሩ ጀምራችሁ ወደ ላይ እዩት

ብዙ ሰው ዛፍ ሲያይ ቅጠሉን ብቻ ያያል። እናንተ ከታች ጀምሩ። ግንዱ መሬት በሚገባበት ቦታ ዙሪያው አፈር ነው? ኮብልስቶን ነው? ወይስ ሲሚንቶ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ተለስኖበታል? የዛፍ ሥር ብዙው የሚገኘው ላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፣ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ የቆማችሁበት መሬት ራሱ የዛፉ አካል ያለበት ነው።

ቀጥሎ ቅርፊቱን ዳስሱት። ለስላሳ ነው፣ የተሰነጣጠቀ ነው፣ እየተላጠ የሚወድቅ ነው? ጠባሳ ካለው ከምን እንደመጣ ለመገመት ሞክሩ። መኪና ገጭቶት ይሆናል፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ይሆናል፣ የማስታወቂያ ምስማር ይሆናል።

ከዚያ ቅጠሉን። የወደቀ ቅጠል አንሡ እንጂ አትቀንጥሱ። ሁለቱንም ገጽ ገልብጣችሁ እዩ። ይህን ሰው ሁሉ ይዘነጋዋል፣ ግን ብዙ ዛፍ የሚለየው በቅጠሉ ጀርባ ነው። የወይራ ቅጠል ጀርባው ከፊቱ ይፈዛል፣ የግራቪሊያ ደግሞ ወደ ብርማ ያደላል። መጨረሻ ላይ አናታችሁን ቀና አድርጉና ቅርንጫፎቹ ሰማዩን እንዴት እንደሚከፋፍሉት ተመልከቱ። ሰው ያያችኋል። ይይ።

3. ስሙን ፈልጉ

ይህ ረጅሙ ደረጃ ነው፣ ለእኔም በጣም የምወደው። መጀመሪያ ሰው ጠይቁ። የስልክ መተግበሪያ አለ፣ ፕላንትኔትም ጉግል ሌንስም ፎቶ አንሥታችሁ ብትሰጧቸው ስም ይነግሯችኋል፤ ግን በአገራችን ዛፎች ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ፣ የአማርኛ ስሙንም ሁልጊዜ አይሰጡም። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ግን ቅጠሉን ከሩቅ አይተው ይነግሯችኋል። "እማማ፣ ይህ ዛፍ ምንድን ነው የሚባለው?" በሉ። ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ ነግረው አያቆሙም፤ ለምን እንደሚሆን፣ ማገዶው እንደሚጨስ እንደማይጨስ፣ ከብት እንደሚበላው እንደማይበላው ሁሉ ይጨምሩላችኋል። ያንን ጻፉት።

በከተሞቻችን ደጋግማችሁ የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው።

ዋንዛ ቅጠሉ ሰፊና ክብ ነገር ነው፣ ሲዳሰስ ይሻክራል። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ንብ ይወረዋል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ጣፋጭ ነው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ገጠር ያደገ ሰው በልጅነቱ ያልበላው የለም። እንጨቱ በር ይሆናል፣ ሣጥን ይሆናል፣ ከበሮም ይሆናል።

ብሳና ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ ጀርባው ነጣ ይላል። ከሩቅ ለመለየት ቀላል ምልክት አለው፤ ያረጀ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካናማ ይሆናል። አረንጓዴ ዛፍ ላይ እዚህም እዚያም ብርቱካናማ ቅጠል ካያችሁ ብሳና መሆኑን ጠርጥሩ። ፈሳሹን ቋቁቻ ላይ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፣ መርዝነት ስላለው ግን በፍጹም አትቅመሱት።

ሾላና ዋርካ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ሾላ ፍሬውን ግንዱና ወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንዠርግጎ ታገኙታላችሁ። ዋርካ ወደ ጎን በጣም ይሰፋል፣ የጥላው ስፋት ብቻውን ይናገራል። "ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል" የሚባለው ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፣ ዳኝነት የሚታይበት ዛፍ እሱ ስለሆነ ነው። የእነዚህን ዛፎች አበባ ፈልጋችሁ አታገኙም። አበባው ፍሬ የምንለው ነገር ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው፣ በጣም ትንሽ ተርብ በጫፉ ባለችው ቀዳዳ ገብታ ታዳቅለዋለች። የወደቀ ፍሬ አንሥታችሁ ለሁለት ክፈሉትና በደንብ ተመልከቱ።

ጃካራንዳና ድሬዳዋ ዛፍ አበባ ሲያወጡ ማንም አይስታቸውም፤ አንዱ ሐምራዊ ነው፣ ሌላው ደማቅ ቀይ። ችግሩ አበባ በሌለበት ጊዜ ነው፣ የሁለቱም ቅጠል ተበጣጥሶ ደቃቅ ስለሆነ ይመሳሰላሉ። ያኔ የፍሬውን ቆብ ፈልጉ። የጃካራንዳ ትንሽ፣ ጠፍጣፋና ክብ ነው፣ እንደ እንጨት ይጠነክራል። የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ ደግሞ ከክንድ ሊረዝም የሚችል ጥቁር ሰይፍ ነው፣ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል። ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ ድሬዳዋ ዛፍ ከማዳጋስካር የመጡ ናቸው።

ባሕር ዛፍን ማን ያጣዋል ትሉ ይሆናል። ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በዚያና በመራዊ በኩል ብዙ የምታዩት ቀዩን ባሕር ዛፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ እንጅባራም ደጋ ነው፣ እዚያ ነጩ ይበዛል። ነጩን ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ ጉቶ ላይ ሲያቆጠቁጥ እዩት። የልጅነት ቅጠሉ ክብና ሰማያዊ ነገር ነው፣ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበቅላል፤ ካደገ በኋላ ያለው ቅጠል ግን ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው የአንድ ዛፍ ቅጠሎች ናቸው ቢሉት አያምንም።

ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ሌላ ተክል አያስጠጋም እየተባለ ይወቀሳል፣ ምንጭ ዳር መተከሉን እኔም አልደግፍም። ነገር ግን በሚሠራ ፎቅ ሥር ስታልፉ ቀና በሉ። የቆመበት መወጣጫ በሙሉ ባሕር ዛፍ ነው። ማገሩ፣ ወራጁ፣ አጥሩ ባሕር ዛፍ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የስንቱን ቤት ጣሪያ እንደተሸከመ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሌላ በአጥር ላይ እሾኻም ግንድ ያለው ኮርች፣ ጣና ዳር ብርብራ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁለቱም የአገራችን ናቸው። የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣን ያሰክራል፣ ለማስገር ይጠቀሙበት ነበር።

4. ለኩት

መለካት ማየትን ያስገድዳል። ወገቡን ለመለካት ገመዱን ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ደረታችሁ አካባቢ፣ ግንዱ ላይ አዙሩት። ደን የሚለኩ ባለሙያዎችም የሚለኩት እዚያ ከፍታ ላይ ነው። ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት፣ በዓመቱ ደግማችሁ ስትለኩ ምን ያህል እንደወፈረ ታያላችሁ። ዋርካ ከሆነ ገመዱ ላይበቃችሁ ይችላል፣ ያን ጊዜ ስንት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደሚያቅፈው ቁጠሩ። ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል።

ለቁመቱ ጥላውን ተጠቀሙ። 1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና የዱላውን ጥላ ለኩ። ወዲያው የዛፉን ጥላ ከግንዱ እስከ ጫፉ ለኩ። የዛፉን ጥላ ለዱላው ጥላ አካፍሉት። ለምሳሌ የዱላው ጥላ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የዛፉ 12 ሜትር ከሆነ፣ 12 ለ0.8 ሲካፈል 15 ሜትር ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ አድርጉት። እኩለ ቀን ላይ በእኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ጥላው አጥሮ ልኬቱ ይበላሻል።

5. ከሥሩና ከላዩ ማን እንደሚኖር ተመልከቱ

አንድ ዛፍ ሥር ምን ያህል እንጀራ እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ አለች። ሊስትሮው አለ። የሞባይል ካርድ ሻጩ፣ ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሹፌሮች አሉ። ጥላው ሲዞር አብረው ወንበራቸውን ያዞራሉ። ቡና እየጠጣችሁ ጠይቋቸው፤ ዛፉን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ በየትኛው ወር እንደሚያራግፍ፣ ማን ሊቆርጠው እንደመጣ፣ ማን እንደተከራከረለት።

ከላይ ያሉትን ለማየት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወይም ማታ 11 ሰዓት ላይ ኑ። ባሕር ዳር ጣና ዳር ያሉት ሾላዎችና ዋርካዎች ፍሬ ሲይዙ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ይታያል። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስል፣ ጥቁርና ነጭ፣ በጣም ትልቅ ወፍ ይመጣል፤ ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጦጣውም ለዚያው ፍሬ ይመጣል። ምግብ አትስጧቸው፣ ዛፉ እየመገባቸው ነው።

6. ዓመቱን ተከታተሉት

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ አንድ ፎቶ። በቃ። ለመቆሚያችሁ ምልክት ያዙ፣ የአንድ ሱቅ በር ወይም የመብራት ምሰሶ ይሁን፣ ፎቶዎቹ እንዲነጻጸሩ። ከፎቶው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ "አዲስ ቅጠል አወጣ"፣ "ንብ በዝቶበታል"፣ "ግማሹ ተቆርጧል"።

ምን እንደምትጠብቁ ለማወቅ ያህል፣ በበጋው ኮርች ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የጃካራንዳ ወቅት ነው። ድሬዳዋ ዛፍ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይደምቃል። ለሆሳዕና ከዘንባባ የሚወሰደው ቅጠል ደግሞ የራሱ ቀን አለው፤ በዚያ ሳምንት ዘንባባችሁ ምን ያህል እንደተገፈፈ ልብ በሉ፣ ሳይጎዱት የሚወስዱት የጎን ቅጠሉን ነው፣ መሃል ላይ ያለው ቡቃያ ከተነካ ዛፉ ይሞታል።

7. አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆዩ

የከተማ መንገድ ላይ የማታገኟቸው ዛፎች የተረፉት እዚያ ነው። ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ቶሎ አትውጡ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ ፈልጉ፣ በደጋው ከተማ ከሆናችሁ ኮሶም። ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ ሰማያዊ ጥቁር ትንንሽ ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት። ኮሶም እንዲሁ ነው፣ ቀይ የሆነው የአበባ ዘለላ የሴቷ ነው።

ዛፎቹ እዚያ የቆዩት ስለሚከበሩ ነው። ቅጠል ከመቀንጠስ፣ ፍሬ ከመልቀም በፊት ጠይቁ። አንድ አባት ካገኛችሁ "አባ፣ ይህ ዝግባ በልጅነትዎ ይህን ያህል ነበር?" በሏቸው። የዛፍ ዕድሜ ለመገመት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ጊዜ ካላችሁ በጀልባ ወይም በመኪና ዘጌ ድረስ ሂዱ። ገዳማቱ ዙሪያ መሬቱ ሳይታረስ ስለኖረ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፣ የከተማችሁ ዛፍ ዘመዶቹ መሃል ሲቆም ምን እንደሚመስል ታያላችሁ።

8. ጠብቁት

እስካሁን የተባለውን ያደረገ ሰው ወደዚህ ደረጃ ሳይጋበዝ ይደርሳል። ዛፉን ስታውቁት ጉዳቱ ይታያችኋል።

ምስማር። ማስታወቂያ በዛፍ ላይ መምታት የተለመደ ነው፣ መቆም አለበት። ሌላ ዛፍ ቁስሉን ቀስ በቀስ በአዲስ ቅርፊት ይሸፍነዋል፣ ዘንባባ ግን አይችልም። የዘንባባ ግንድ አንዴ ከቆሰለ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ቁስሉ እንዳለ ይኖራል፣ በዚያው መበስበስ ይገባዋል። ምስማር የሚመታውን ሰው ካገኛችሁ አትጩኹበት፣ ይህንኑ ንገሩት። ብዙዎቹ አያውቁም።

ሽቦና ገመድ። ችግኝ ሲተከል የታሰረለት ሽቦ ካልተፈታ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል። የዛፉ ምግብ የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ስለሆነ ዙሪያውን ከታነቀ ወይም ዙሪያውን ከተላጠ ይሞታል። ሽቦው ገና ልል ከሆነ በፒንሳ ቁረጡት። ውስጥ ከገባ አትጎትቱት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በጥሳችሁ ተዉት።

ሲሚንቶና እጣቢ። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ካላችሁ ደጃችሁ ያለው ዛፍ ዙሪያ ቢያንስ አንድ እርምጃ ያህል አፈር ክፍት ተዉለት። የሳሙና ውኃ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የጨው ውኃ ሥሩ ላይ አትድፉ።

ውኃ። አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ አስተክሎናል። ክረምት ላይ የተተከለ ችግኝ ግን የሚሞተው በጋ ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁላችንም ረስተነዋል። ደጃችሁ አዲስ ችግኝ ካለ ከኅዳር ጀምሮ ዝናብ እስኪመጣ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀስ አድርጋችሁ አጠጡት። በየቀኑ አንድ ኩባያ ከመርጨት ይሻላል፣ ውኃው ወደ ታች ስለሚወርድ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። ደረቅ ሣር ዙሪያውን አልብሱት፣ ሣሩ ግንዱን ግን አይንካው።

የመብራት ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ራሳችሁ አትውጡበት፣ ሰው ሞቶበታል። ለመብራት ኃይል ንገሩና የሚቆርጡት ሲመጡ አጠገባቸው ቁሙ፤ የነካውን ብቻ እንዲያነሡ፣ አናቱን በሙሉ እንዳይቆርጡት በትሕትና ጠይቁ። ዛፉ ለመንገድ ወይም ለግንባታ ሊቆረጥ ነው ከተባለ ደግሞ ደብተራችሁን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ስሙን፣ ወገቡን፣ ቁመቱን፣ ከሥሩ የሚሠሩትን ሰዎች ብዛት፣ የዓመቱን ፎቶዎች አሳዩ። "ዛፉ ይቅር" ከሚል ባዶ አቤቱታ ይልቅ ይህ ይሰማል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ቡና የምታፈላዋን ልጅና ሰፈሩን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱ በሁለት ሜትር መዞር ይችል እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ።